ጤፍ ዘርቶ የስንዴ ብር

ጠጋ በሉማ፤ ይሄ ጮክ ተብሎ የሚወራ ጉዳይ አይደለም። ሕገ ወጥ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ የምነግራችሁ ሁሉ ሕጉ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ገጠር ስለ ድጎማ በአደባባይ ማውራት ነውር ነው። ሰዉ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ስለ ትራክተር ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቱ ፍቺ ሳይቀር ያወራል። «መንግሥት ዘንድሮ ስንት ላከልህ?» የሚል ግን አላየሁም። የሚጠይቅ ካለ የእርሻ ቢሮው ባንኮኒ ድረስ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ራሱ ብቻ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ወዲያ ነበርኩ።

የሠራሁበትን ካውንቲ ስም እንተወው። ከሌሎቹ የተለየ ስላልሆነ ስሙ ምንም አይጨምርላችሁም። በፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ በመላ አገሪቱ ከ2,000 በላይ የካውንቲ ቢሮዎች አሉት፤ በየገጠሩ ከተማ ዳር፣ ፒካፕ መኪና የተደረደረበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ካያችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የቢሮው ሥራ ወረቀት ነው። ገበሬው ምን እንደዘራና ስንት ኤከር እንደዘራ መጥቶ ያስመዘግባል፤ ለአብዛኛው የበልግ ዘር የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው። በዚያ ሰሞን ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል፤ ትልቅ የአየር ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ስልሳ ዓመት ያረሰ ሽማግሌ በጣቱ ድንበሩን እየተከተለ «እዚች ጋ አኩሪ አተር፣ እዚያ በቆሎ» ይላል።

አዲስ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሲያይ ገንዘቡ የሚከፈለው ለተዘራው ሰብል ነው ብሎ ያምናል። እኔም ሥራ ስጀምር የሚመስለኝ እንደዚያ ነበር።

ዋነኞቹ ክፍያዎች ግን ለተዘራው አይደሉም። ለመሬቱ የድሮ ታሪክ ናቸው። እያንዳንዱ እርሻ መዝገባችን ላይ «ቤዝ ኤከር» የሚባል ነገር አለው፦ ይህ መሬት በጥንቱ ጊዜ ይህን ያህል በቆሎ፣ ይህን ያህል ስንዴ፣ ይህን ያህል ጥጥ ይዘራበት ነበር የሚል የወረቀት ማሳ። መሠረቱ የተጣለው በ1980ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የ2002ቱ የእርሻ ሕግ ባለመሬቶች ከ1998 እስከ 2001 የዘሩትን ቆጥረው እንዲያድሱት ፈቀደ። የ2014ቱ ደግሞ ከ2009 እስከ 2012 በተዘራው ልክ ከሰብል ወደ ሰብል እንዲያሸጋሽጉት ዕድል ሰጠ፤ ጠቅላላውን መጨመር ግን አይቻልም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማሳው ላይ ቆሞ የምታዩት ሰብልና መዝገቡ ላይ ያለው ሰብል ላይገናኙ ይችላሉ። ክፍያው የሚከተለው መዝገቡን ነው።

ለእኛ ሰው ቅርብ በሆነ ነገር ላስረዳ። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ይዘራል፤ አሜሪካ ያላችሁ ከዚያ የመጣ ዱቄት ሳትጋግሩ አልቀራችሁም። ጤፍ ከዋነኞቹ ተደጓሚ ሰብሎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ለጤፍ የተወሰነ መነሻ ዋጋ የለም፤ ቤዝም የለውም። አሁን ጤፍ የዘራው ሰውዬ መሬት በመዝገቡ 100 ኤከር የስንዴ ቤዝ አለው እንበል፤ 100 ኤከር በእኛ ጥማድ ቢለካ መቶ ስልሳ ገደማ ይሆናል። የስንዴ መነሻ ዋጋ በ2018ቱ ሕግ በቡሽል (በአሜሪካኖቹ የእህል መስፈሪያ) 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የ2019 ምርት የአገር አቀፍ አማካይ ዋጋው 4 ዶላር ከ58 ሳንቲም ሆነ። መንግሥት የሚሸፍነው ልዩነት 92 ሳንቲም ነው። ሕጉ ከቤዙ 85 በመቶውን ብቻ ይቆጥራል፣ ማለትም 85 ኤከር። መዝገቡ ላይ በኤከር 60 ቡሽል የሚል ምርት ተጽፎ ከሆነ 5,100 ቡሽል ይመጣል፤ በ92 ሳንቲም ሲባዛ 4,692 ዶላር። ሰውዬው በዚያ ዓመት አንዲት ፍሬ ስንዴ አልዘራም። ጤፉን በጥሩ ዋጋ ለሐበሻ ሸጧል፤ በኦክቶበር 2020 ደግሞ የስንዴው ብር ባንክ ገባለት።

ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ ሆን ተብሎ የተሠራው እንደዚህ ነው። ከ1996 በፊት ድጎማ የፈለገ ገበሬ የታዘዘውን ሰብል በታዘዘው ልክ መዝራት ነበረበት፤ ያ ደግሞ ገበያው ለማይፈልገው እህል ጎተራ ሲያስሞላ ኖረ። በ1996 የወጣው ሕግ ክፍያውን ከዘሩ ለየውና «ከአትክልትና ፍራፍሬ በቀር የፈለግከውን ዝራ፣ ብሩ አይቀርብህም» አለ። እንደ ምጣኔ ሀብት ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የጤፍ አብቃዩም ነጻነቱን ያገኘው ከዚያ ነው። ጣጣው ብሩ አንዴ ከዘሩ ከተለየ በኋላ ከምን ጋር እንደተጣበቀ ነው። ከወረቀቱ ጋር፣ በወረቀቱ በኩልም ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ።

ይህ ነገር ጥግ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ዋሽንግተን ፖስት በ2006 አሳይቷል። ጋዜጣው ባደረገው ምርመራ ከ2000 ጀምሮ ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ምንም ለማያርሱ ሰዎች ተከፍሏል። ቴክሳስ ውስጥ ድሮ ሩዝ ይዘራበት የነበረ መሬት ተሸንሽኖ መኖሪያ ቤት ተሠርቶበታል፤ የሩዙ ቤዝ ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ ተሽጧል፤ ጓሮው ውስጥ ፈረስ የሚጠብቅ ሰው የሩዝ ድጎማ ይመጣለታል። ምክር ቤቱ በ2008 መኖሪያ የሆነውን መሬት ከመዝገቡ ቀነሰ። በ2014 ዋጋ ወጣ ወረደ ሳይባል በየዓመቱ ይከፈል የነበረውን ቀጥታ ክፍያ ሰረዘ። በ2018 ደግሞ ከ2009 እስከ 2017 ሣር ብቻ የነበረበትን መሬት ከእነዚህ ክፍያዎች አውጥቶ በኤከር 18 ዶላር ብቻ አስቀረለት። መረቡ ጠበቅ ጠበቅ እያለ መጥቷል፤ የወረቀት ማሳው ግን አሁንም አለ።

የካውንቲ ወሰን የሚያመጣውን ጉድ ልንገራችሁ። ገበሬው ከሁለት ዓይነት ዋስትና አንዱን ይመርጣል። አንደኛው አሁን ያሰላሁላችሁ የዋጋ ዋስትና ነው። ሁለተኛው የገቢ ዋስትና ሲሆን መለኪያው በአብዛኛው የገበሬው ማሳ ሳይሆን የካውንቲው አማካይ ነው። ከአምስት ዓመት ውስጥ ትልቁና ትንሹ ይጣልና የቀሩት ሦስቱ አማካይ ይወሰዳል፤ የካውንቲው የዘንድሮ ገቢ ከዚያ 90 በመቶ (እስከ 2024 ምርት ድረስ 86 በመቶ ነበር) በታች ከወረደ ለካውንቲው ሁሉ ይከፈላል፣ ካልወረደ ለማንም አይከፈልም። በረዶ የአንድ ሰው ማሳ ላይ ብቻ ቢወርድ፣ ካውንቲው ደህና እስከሆነ ድረስ ሰውዬው ከዚህ ፕሮግራም ምንም አያገኝም። ካውንቲው ተጎድቶ የእሱ ማሳ ብቻ ያማረለት ሰው ግን ከጎተራው ሙላት ሌላ ክፍያውንም ይወስዳል። ባንኮኒው ላይ ከወሰኑ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን እያሰበ «አውሎ ነፋሱ የመታው እኔን፣ ቼኩ የደረሰው እሱን!» ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ምን ትለዋለህ? ቀመሩን እንዳለ ታነብለታለህ።

የ2019ኙ የንግድ ጦርነት ክፍያ ደግሞ የባሰ ነበር። ቻይና የአሜሪካን አኩሪ አተር መግዛት ስታቆም መንግሥት በሁለት ዓመት እስከ 28 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ለ2019 እያንዳንዱ ካውንቲ አንድ ወጥ ተመን ተቆረጠለት፤ በኤከር ከ15 እስከ 150 ዶላር። ስንት ቦታ የካውንቲው ወሰን አንድ የጠጠር መንገድ ነው! ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያለው አፈር አንድ፣ አኩሪ አተሩ አንድ፣ የሚሸጥበት ጎተራ አንድ፣ ተመኑ ግን ሁለት። በዚያ ዓመት የሁለት ወንድማማቾች ሰላምታ ሲቀዘቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። ሕጉ ከ2025 በፊት ለአንድ ሰው በዓመት ከ125,000 ዶላር በላይ አይከፈልም ይል ነበር። በአማካይ የሦስት ዓመት ገቢው ከ900,000 ዶላር በላይ የሆነም አያገኝም። ወረቀት ላይ ጠንካራ ይመስላል። ሆኖም ሚስትየዋ የራሷ ጣሪያ አላት። ኦቾሎኒ ለብቻው ሌላ ጣሪያ አለው፤ ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ የጆርጂያ ተወካዮች ጎበዝ ስለሆኑ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። እርሻው ሽርክና ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሸሪክ የየራሱን ጣሪያ ይዞ ይገባል። ሸሪክ ለመባል «በእርሻው በንቃት የተሰማራ» መሆን አለበት፤ መሰማራት ሲባል ግን ማረስ ብቻ አይደለም፣ ማስተዳደርም ይቆጠራል። ማስተዳደር ደግሞ አይታይም። ከተማ ተቀምጦ በስልክ «በቆሎውን መቼ እንሽጥ?» ብሎ መመካከርም ማስተዳደር ነው።

በ1980ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ እርሻ በኩባንያ ላይ ኩባንያ፣ በአደራ ቋት ላይ ሽርክና እየተደራረበ ጣሪያውን ስለሚያባዛ፣ ሥዕሉ ሲሳል ቅርንጫፉ የበዛ ሆነና «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» ተባለ። በ1987 አንድ ሰው ከሦስት ድርጅት በላይ እንዳይቀበል ተደረገ። በ2015 ለሽርክናዎች በአስተዳዳሪነት ብቻ የሚቆጠሩ ሰዎች ቁጥር ተገደበ፤ ሸሪኮቹ በሙሉ ዘመዳሞች የሆኑበት እርሻ ግን ከገደቡ ወጣ። በ2018 ደግሞ ዘመድ የሚለው ሰፋ፤ የአጎትና የአክስት ልጅ፣ የወንድምና የእህት ልጅ ሁሉ ገባ። ያን ሰሞን የሸሪኮች ድርሻ የሚሞላበት የቅጽ 902 ብዛት! ስሙን ሰምተነው የማናውቀው የወንድም ልጅ ሁሉ ገበሬ ሆኖ መጣ። እኛ ቅጹ መሞላቱን እናያለን፤ ፊርማው ካለ አለ ነው።

ይህን የሚያጣራው ማነው? የካውንቲ ኮሚቴ የሚባል አለ፤ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ አባላት ያሉት፣ ገበሬዎች ራሳቸው ከመካከላቸው የሚመርጡት። የቢሮውን ኃላፊ የሚቀጥረውም ይኸው ኮሚቴ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ይመረምራል ማለት ነው፤ አብሮት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን፣ ኮምባይነር የሚዋሰውን፣ ልጁን ያጋባለትን። በትንሽ አገር ማን ማንን ይጥላል? ጎረቤት ስለሚተዋወቅ ሐሰት ቶሎ ይገለጣል የሚል ክርክር አለ፤ አንዳንዴ እውነት ነው። መተዋወቁ የሚጎዳው ከዚያ ክበብ ውጭ የሆነውን ሰው ነው።

የዚህ ታሪክ ረጅም ነው። ድጎማው ሲጀመር፣ በ1933፣ መንግሥት የጥጥ ዋጋ እንዲነሳ በቅሎ የነበረውን ጥጥ ገበሬው እንዲገለብጥ ከፈለ። ክፍያው የሄደው ለባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ ከጭሰኛው ጋር ይካፈል ቢባልም ብዙው ለራሱ አስቀረ፤ ጥጡ ስለቀነሰ ጭሰኛውም አላስፈለገውምና አባረረው። በ1934 አርካንሳስ ውስጥ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች በአንድነት የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን ያቋቋሙት በዚህ ምሬት ነው። እኔ ይህን ሳነብ «መሬት ላራሹ» ትዝ ማለቱ አልቀረም፤ እዚህ ግን መሬቱም ብሩም የባለመሬቱ እንደሆነ ቀጠለ። በ1964 የሲቪል መብት ታጋዮች ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ገበሬዎችን ለእነዚህ ኮሚቴዎች ለማስመረጥ የተንቀሳቀሱት የመሬት ድልድሉና ብድሩ በማን እጅ እንዳለ ስላወቁ ነበር። ብድርና ድጎማ በዘር ምክንያት ተከለከልን ብለው የከሰሱት ጥቁር ገበሬዎች የፒግፎርድ ክስ በ1999 በስምምነት ሲያልቅ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈላቸው። በ2010 ደግሞ ጊዜው አልፎባቸው ለነበሩት 1.25 ቢሊዮን ተጨመረ። በ2024 ደግሞ በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰባቸው ከ43,000 ለሚበልጡ ሰዎች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ይህ ሁሉ ካሳ የመጣው መሬቱ ከብዙዎቹ እጅ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ባለመሬት ካነሳን የብሩን ጉዞ እስከ መጨረሻው እንከተለው። በእኩል ወይም በሲሶ የሚታረስ ከሆነ ባለመሬቱ ከድጎማውም በድርሻው ይወስዳል። መሬቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከራየ ግን ሕጉ ክፍያው የአራሹ ነው ይላል። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? ባለመሬቷ ቺካጎ ያለች አሮጊት ብትሆን እንኳ ጉዳዩን ታውቃለች፤ ኪራይ ሲታደስ «ይህ መሬት ጥሩ ቤዝ አለው» ትላለች፤ ኪራዩ ይጨምራል። አራሹ በቀኝ እጁ ከመንግሥት የተቀበለውን በግራው ለእሷ ይሰጣል። መሬት መግዛት ያሰበ ወጣት ደግሞ የወደፊቱን ድጎማ ጭምር በዋጋው ውስጥ ከፍሎ ይገዛል። ለወጣት ገበሬ ነው እየተባለ በምክር ቤት የሚሟገቱለት ብር፣ ወጣቱ መሬት እንዳይገዛ ዋጋ እያስወደደ ነው። ይህን ባንኮኒው ላይ ተናግሬው አላውቅም።

ከሁሉም ጸጥ ያለው ግን ይሄኛው ነው። ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት ከ2001 ጀምሮ የተከፋዮችን ስምና መጠን በካውንቲ በካውንቲ ዘርዝሮ ለሕዝብ አውጥቷል። ካውንቲያችን ውስጥ ያንን ዝርዝር ያላየ ሰው የለም፤ አይቻለሁ የሚል ግን አታገኙም። ቡና ቤት ውስጥ «እገሌ ሚሊዮን በላ» የሚባለው ሁሉ ከዚያ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ትልቁ ነገር የሰብል ኢንሹራንሱ ነው። ከኢንሹራንሱ ዓረቦን በአማካይ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸፍነው መንግሥት ነው፤ በቅርብ ዓመታት ይህ ብቻውን በዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ጣሪያ የለውም። የገቢ ገደብ የለውም። ማን ስንት እንደተረዳ በስም ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ብልሁ ገበሬ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ጎረቤቱ «ይሄስ ጨዋ ነው» ይለዋል፤ ትልቁ እርሻ ግን ትልቁን ድጋፍ በኢንሹራንሱ በኩል በዝምታ ይወስዳል። ኢንሹራንሱ ባይኖር ባንክ ብድር አይሰጥም፣ አንድ ድርቅ ግማሹን ካውንቲ ያጠፋል፤ ስለዚህ ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። የ125,000ው ጣሪያ ላይ ሲደረግ የነበረው ጩኸት ግን ይህን ብር አይነካም።

አሁን አዲስ ነገር መጣ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የበቆሎን መነሻ ዋጋ ከ3 ዶላር ከ70 ወደ 4 ዶላር ከ10፣ የአኩሪ አተርን ከ8 ዶላር ከ40 ወደ 10፣ የስንዴን ወደ 6 ዶላር ከ35 ከፍ አደረገው። ጣሪያው 155,000 ሆነ። ቀድሞ እንደ ሽርክና የማይታዩ የነበሩ አንዳንድ ኩባንያዎችም በየባለድርሻው ልክ ጣሪያ እንዲያባዙ በር ተከፈተላቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የወረቀት ማሳው ከብዙ ዘመን በኋላ ሊሰፋ ነው፤ ከ2019 እስከ 2023 በአማካይ ከቤዙ በላይ ለዘራ እርሻ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር አዲስ ቤዝ ይታደላል። የሚታደለውም ለባለመሬቱ ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ላቡን ያፈሰሰው ተከራይ ከሆነ፣ በላቡ የተገኘው ቤዝ በባለመሬቷ ስም ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው የኪራይ ድርድርም በእሱ ላይ ትጠቅስበታለች።

ከእናንተ መካከል አሜሪካ ውስጥ መሬት ልግዛ፣ ጤፍ ልዝራ የሚል ካለ አንድ ነገር ሹክ ልበለውና ልሂድ። ሻጩ ጉድጓዱንና አጥሩን ሲያሳይህ እሺ በል። ከመፈረምህ በፊት ግን «ቅጽ 156ኢዜድ» የሚባለውን ጠይቀው፤ የመሬቱ ቤዝና የተመዘገበ ምርቱ የሚታይበት ወረቀት ነው፤ ባለቤቱ ወይም አራሹ ሲጠይቅ ካውንቲው ቢሮ ያትምለታል። ለአንተ በቀጥታ አይሰጡህም፤ ሕጉ የእርሻ መረጃ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ያግዳል፤ ስለዚህ ሻጩ ራሱ ያምጣ። የመሬቱን ከፊል ብቻ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ውሉን በደንብ አስነብብ። እርሻ ሲከፈል ባለመሬቱ ቤዙን እንደፈለገ የሚደለድልበት መንገድ አለ፤ ሁሉንም ለራሱ በሚያስቀረው ቁራጭ ላይ አከማችቶ ለአንተ አፈሩን ብቻ ሊሸጥልህ ይችላል። ዋጋው ግን እንደ ሙሉው ነው።